የኑሪ ጆሮ

ኑሪ የሞተር ድምፅ ሰምቶ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሾፌሩን ጠባይ ይናገር ነበር። አላጋነንኩም። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ለሃያ ዓመት ያህል አጥር ተጋርተን ኖረናል፤ ስንት ጊዜ ላሳስተው ሞክሬ አንድም ቀን አልተሳካልኝም። ደጃፉ ላይ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ከላይ ከመታጠፊያው ድምፅ ሲመጣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና፣ «ፊያት ስድስት መቶ ነች። ሾፌሩ ማርሽ አይችልም፤ ደግሞ ተናዷል» ይለኛል። ፊያቷ ትመጣለች። ሾፌሩም ፊቱን አጥቁሮ ያልፋል። እኔ ማሞ፣ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ለኔ መኪና ማለት ጭኖ የሚያደርስ ነገር ነው። ለሱ ግን መኪና ሲያልፍ ዘመድ ያለፈ ያህል ነበር።

ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1954፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ከስልጤ መጥቶ ጋራዥ ተቀጠረ። ያ ዓመት አልፋ ሮሜዮ ጁልየታ ስፕሪንት የተባለችውን ስፖርት መኪና ቱሪን ላይ ለሕዝብ ያሳየበት ዓመት ነው። «እኔና ጁልየታ ሥራ የጀመርነው ባንድ ዓመት ነው» ይል ነበር። ጣሊያኑ የእሽቅድድም መጽሔቶቹን አንብቦ ሲጨርስ ይሰጠዋል፤ ኑሪ ገጹን እየገነጠለ ሳሎኑ ውስጥ ይለጥፋል። ሌላው ሰው የቅዱሳን ወይም የመካ ሥዕል በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ፣ ከብሬሽያ ሮም ደርሶ መልስ አንድ ሺሕ ማይል የሚሮጡ ቀያይ መኪኖች ተደርድረው ነበር። ያ ውድድር በ1957 ተመልካች የሞተበት አደጋ ደርሶ መቅረቱን፣ በጦርነቱ ጊዜ የአልፋ የእሽቅድድም መኪኖች ቦምብ እንዳያገኛቸው አይብ ፋብሪካ ውስጥ ተደብቀው መትረፋቸውን፣ ከዚያም ወጥተው በ1950 የዓለምን ሻምፒዮና መውሰዳቸውን የቤተሰብ ታሪክ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

«የኔን የልደት ቀን ጠይቁት እስቲ!» ትላለች ሚስቱ ሙፊዳ። አያውቀውም። እንስቃለን።

የሙፊዳ ታናሽ ወንድም ሸምሱ እነሱ ጋ ነበር የሚኖረው። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ ስላልወለደች ወንድሟም ልጇም እሱ ነው። በ1970፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሸምሱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከተመለሰ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይሰበሰብ ነበርና፣ ስሙ የሚያዙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አንድ ወዳጁ ሹክ አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀን ቀን ወንዙ ዳር ባሕር ዛፉ ውስጥ ይውላል፤ ለምሳና ለእንቅልፍ ብቻ ይመጣል። ኑሪ ስለ አይብ ፋብሪካው ሲያወራ፣ «እኔንም አይብ ውስጥ ደብቁኝ» ብሎ ይቀልድ ነበር። ሙፊዳ በዚህ ቀልድ አትስቅም።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ።

ኑሪ በሕይወቱ አንዲት ጁልየታ ስፕሪንት ብቻ ነው በእጁ የነካው፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት ካርቡራቶር፣ ቬሎቼ የሚሏት ዓይነት። ባለቤቷ ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ ሀብታም ነበር፤ በየወሩ ወደ ጋራዡ ያመጣትና ከኑሪ በቀር ማንም እንዳይነካት ያዛል። አብዮቱ ሲመጣ ሰውዬው ካገር ወጣ፤ መኪናዋ ተወረሰች። ከአንዱ ባለሥልጣን ወደ ሌላው ስትዘዋወር ከርማ በመጨረሻ የከፍተኛችን ካድሬ ጓድ መዝገቡ እጅ ወደቀች። እሱም በማይሆን ማርሽ እያስጨነቀ፣ ያገኘውን ቤንዚን እየሞላ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ሳል አስያዛት።

ሳል የምለው እንዲያው ለማሳመር አይደለም። ሁለቱ ካርቡራቶሮች ስላልተስማሙ ሞተሩ በየጥቂት ሰከንዱ ይተፋል፤ የጭስ ማውጫው መጋጠሚያም ላልቶ ነበርና ድምፁ ደረቱ የታመመ ሽማግሌ የሚስል ነበር የሚመስለው። ከሳር ቤት በኩል ገና ስትመጣ እኛ ሰፈር ይሰማል። ጓድ መዝገቡ ዝግ ብሎ እየነዳ ይመጣና አንድ ቤት ፊት ለፊት ይቆማል። አይወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቤቱን ያይና ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላንድሮቨር ይመጣል። ላንድሮቨሩ የጫነው ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ሰፈሩ መኪናዋን «ሳሉ» ነበር የሚላት። «ሳሉ መጣ» ከተባለ እናቶች የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ፣ ጎረምሶች በጓሮ አጥር ዘለው ወደ ባሕር ዛፉ ይሮጣሉ። ሌላውን ሁሉ እያስመሰሉ የሚጫወቱ ልጆች የሷን ድምፅ አስመስለው አያውቁም። እኔ ራሴ ቢሮ ተቀምጬ ሰው ሲስል ቀና ብዬ በመስኮት አይ ነበር። ግን እውነቱን እንናገር፤ ያ ሳል ነው ያተረፈን። ኑሪ ለሙፊዳ ድምፁን ከሩቅ መለየት አስተምሯት ስለነበር፣ እሱ ሥራ ላይ ሲሆን እሷ ጆሮዋን ትጥላለች። ከሰማች በዘነዘና የውሃውን በርሜል ሦስቴ ትመታለች። በአራት ወር ውስጥ ከኛ መንገድ አንድም ሰው አልተወሰደም።

ኑሪ ግን ሁለት ሐዘን ነበረበት። እንደ ሁላችንም ይፈራል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ለመኪናዋ ያዝንላታል። «ግማሽ ዙር ብቻ ነው፣ ማሞ» ይለኝ ነበር ሳሉ ካለፈ በኋላ። «አንዲት ብሎን፣ ግማሽ ዙር።» አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ሰው የሚያስበላ መኪና ቢፈነዳስ ምን አገባህ?» አልኩት።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሰኞ፣ ጓድ መዝገቡ መኪናዋን እየነዳ ኑሪ ወደሚሠራበት ጋራዥ ገባ። ከዚህ በኋላ ያለውን ኑሪ ራሱ ነው የነገረኝ።

«ፍሬኑ አይዝልኝም» አለ ካድሬው። «ሌላውን አትንካ፤ ነገ ረፋዱ ላይ እወስዳታለሁ።»

ኑሪም ፍሬኑን ብቻ ሊሠራ በልቡ ምሎ ጎማዎቹን አወለቀ። ካድሬው ግን አልሄደም። ባዶ ሣጥን ስቦ ተቀመጠና፣ «ይህችን መኪና ታውቃታለህ ይባላል። የት ነው የተሠራችው?» ብሎ ጠየቀ። ኑሪ መጀመሪያ ባጭሩ መለሰ። ሰውዬው ደገመ፣ ሠለሰ። ቀስ በቀስ ኑሪ ፍርሃቱን ረሳው። ስለ ቱሪኑ ትርኢት፣ ስለ ሺሕ ማይሉ ውድድር፣ አካሏን ስለሠሩት ቀጥቃጮች ነገረው። ፋብሪካው ከጦርነቱም በፊት ጀምሮ በመንግሥት እጅ መሆኑን ሲሰማ ጓድ መዝገቡ ደስ ብሎት፣ «ታዲያ የሕዝብ መኪና ናታ!» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የሚያዳምጠውም ደህና ተማሪ በሚያዳምጥበት ትዕግሥት ነበር።

«ደህና በነበረች ጊዜ ድምፅዋ እንዴት ነበር?»

ኑሪ ሊገልጽለት ሞክሮ አቃተው። ሁለት ሰዓት ተኩል አወሩ። ካድሬው ሲሄድ እጁን ጨበጠው፤ መዳፉ ሞቅ ያለ ነበር። ኑሪ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን አዞረ። «በሕይወቴ እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም» አለኝ። ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚዘገንነኝ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ፍሬኑን ጨርሶ ለመሞከር ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ሳለች። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ነበር። የጎማ ቱቦውን አንሥቶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ አደረገ። ጣሊያኑ ያስተማረው ይህንን ነው፤ የሁለቱ ካርቡራቶር ትንፋሽ እኩል እስኪሆን ድረስ በጆሮ ማመዛዘን። ሊሰማ ብቻ ነበር የፈለገው። «እጄ ነው የሠራው» አለኝ። ብሎኗን ግማሽ ዙር አዞረ። የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ አጠበቀ። የተዘጋች የቤንዚን ቀዳዳ ነፍቶ ከፈተ። ሞተሩ ዝም አለ፤ ማለቴ መሳሉን ተወና መሥራቱ ብቻ ቀረ። ኑሪ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

ምን እንደሠራ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኗን ሊመልስ ካቻቢቴውን ሲያነሣ ከኋላው፣ «ይሄ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማ። ጓድ መዝገቡ ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ ቆሟል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ፍሬኑ አዲስ ስለሆነ ይላላል፤ ቅዳሜ ቢያመጡልኝ ላጠብቀው» አለ ኑሪ። ሌላ ዘዴ አልመጣለትም።

«ቅዳሜ» አለ ካድሬው። ቁልፉን ተቀበለና ሄደ።

ያን ዕለት ከሥራ ስንመለስ ፀሐይ ሳትጠልቅ በወንዙ ድልድይ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገረኝ። ለሙፊዳና ለሰፈሩ ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አልኩ? «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ስትመጣልህ ብሎንህን ትመልሳለህ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። አሁን ብትናገር ግን ሰፈሩ በድንጋይ ነው የሚወግርህ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ኑሪም የተጣመመ ሁሉ በመፍቻ የሚቃና ይመስለው ስለነበር ምክሬን ተቀበለ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ነው። ፀሐዩ ቀጥ ብሎ አናት ላይ ቆሟል። ኑሪ በብስክሌቱ ለምሳ መጥቷል፤ እኔም እነሱ ጋ ነበርኩ። ሙፊዳ ወደ ደጅ ወጥታ እንደ ወትሮው ጆሮዋን ወደ ላይኛው መታጠፊያ ጣለች። ከባሕር ዛፉ ነፋስ በቀር ምንም የለም። በጓሮ በኩል ሸምሱን ጠራችው። «ና፣ ሳሉ የለም፤ ሳይበርድ ብላ።» ሽንኩርቷን እሳት ላይ ጥላ ስለነበር ሮጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ሸምሱ ገብቶ እጁን ታጠበ። ሁላችንም ወደ ገበታው ቀረብን። ኑሪ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ቀና አለ። አንድ ነገር ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ጠጠር ላይ የሚንከባለል ጎማ ነበር።

ስወጣ ቀይዋ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ተንሸራታ ወርዳለች። የመጣች አትመስልም፤ ድሮም እዚያው የነበረች ነው የምትመስለው። ሞተሯ ይሠራል፤ ኮፈኑ በጣም በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን ሁለት እርምጃ ላይ እንኳ አይሰማም። የሰፈሩ ውሾች ተኝተዋል። ጓድ መዝገቡ በዚያች ቀን የላንድሮቨሩን መምጣት አልጠበቀም፤ ሁለት ባለ መሣሪያ ይዞ ነበር። ሸምሱ እጁ እንደራሰ ወጣ። ካድሬው የፊተኛውን ወንበር አጥፎ ከኋላ አስገባው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ኑሪን አይቶ ራሱን በአክብሮት ዝቅ አደረገ፤ የምስጋና ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። ሸምሱን ዳግመኛ ያየው ሰው የለም።

ሙፊዳ ጮኻ አልቅሳ ስታበቃ ወደ ኑሪ ዞረች። «አንተም አልሰማህም? አንተ? ኑሪ?»

«አልሰማሁም» አለ።

«ጆሮህ ምን ሆነ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። አሁንም ዝም አለ። ያኔ እጇን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ «ያ ረቢ፣ ደንቁሯል!» ብላ እንደገና አለቀሰች። ኑሪ አላስተባበለም። እንዲህ ነው የጀመረው።

ቅዳሜ ጓድ መዝገቡ በቀጠሮው መጣ። ኑሪ ፍሬኑን የሚያይ መስሎ ብሎኗን ግማሽ ዙር መለሰ፤ መጋጠሚያውንም አላላ። መኪናዋ ሳለች። ካድሬው፣ «ምን አደረግሃት? ድምፅዋ ተበላሸ እኮ!» ሲል ኑሪ ጆሮውን እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። የጋራዡ ሰዎችም፣ «ሐሙስ ዕለት ደንግጦ ደንቁሯል» ብለው አረጋገጡለት። ደንቆሮ ጆሮ የሚጠይቅ ሥራ ስለማይሠራ ካድሬው ተናዶ ሄደ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያህል እንደገና ተሰማና ጠፋ። ጓድ መዝገቡን ደግሞ የራሱ ሰዎች ወሰዱት አሉ። መኪናዋን ማን እንደወሰዳት ማንም አያውቅም።

ኑሪ ግን ደንቆሮ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ቄራ አካባቢ አብረን ስንሄድ ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ዘልዬ ቦይ ገባሁ። እሱ ንቅንቅ አላለም፤ መኪናው ኮቱን ታክኮት አለፈ። ጋራዥ ውስጥ መዳፉን ኮፈን ላይ አድርጎ የሞተርን ሕመም ያውቃል ተባለና ስሙ ከበፊቱ ይልቅ ገነነ። ከግድግዳው ላይ ያሉትን መኪኖች አንድ በአንድ አወረዳቸው። ሙፊዳ ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር እየጮኸች፣ «ምሳ ደርሷል!» ስትለው ይደነግጥና ፈገግ ይላል። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው፤ እኔም ዝም አልኩ።

የከፋው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳሉ ከዚያ ሐሙስ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለተሰማ፣ ሙፊዳ ያን ቀንም መኪናዋ መሳሏ አይቀርም ብላ አመነች። «ያልሰማሁት የሽንኩርቱ መንጫጫት ጋርዶብኝ ነው» አለች በልቧ። ይህን ለሰው አትናገርም፤ ደንቆሮ ባሏ ፊት ግን ምን ይዟት? በየቀኑ ሽንኩርት ስትጥል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከራሷ ጋር ትነጋገራለች። «ድስቱን ማውረድ ነበረብኝ። አንዴ ብቻ ቆሜ ብሰማ። ና ብላ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። በጄ ነው የገደልኩት።» ኑሪ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ይሰማታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሰማት።

«ለምን አትነግራትም?» አልኩት አንድ ጊዜ። ማንም በሌለበት ከኔ ጋር በሹክሹክታ ያወራ ነበር።

«አሁን ብነግራት ያን ሁሉ ዓመት ስሰማት እንደነበር ታውቃለች» አለኝ። «የቱን ይቅር ትለኛለች?»

በ1982 ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ እነሱ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ሙፊዳ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች። ያለ ዕድሜዋ አርጅታለች። እኔ መኖሬን ረስታው ይሁን ወይም መሸሸጉ ሰልችቷት፣ ያንን ነገር እንደ ልማዷ ጀመረች። ድምፅዋ ከትንፋሽ አይበልጥም። «አንዴ ብቻ ቆሜ ብሰማ» አለች። «አንዴ ብቻ።»

«ሙፊዳ» አለ ኑሪ። «ያን ቀን መኪናዋ አልሳለችም።»

ቢላዋው ቆመ። እሷ ግን አልዞረችም። ምድጃው ላይ ያለው ዘይት መንጫጫት ጀምሮ ነበር፤ እጇን ዘርግታ እሳቱን አጠፋችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማኝ?» አለች፤ በዚያችው ዝቅተኛ ድምፅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለሱ ተናግራበት በማታውቀው።

«ሁልጊዜም።»

እኔ ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ባርኔጣዬን ይዤ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«አንተም ቁጭ በል፣ ማሞ» አለችኝ ሳትዞር።